በዘር የሚተላለፍ የትልቁ አንጀት ካንሰር እና የቤተሰብ መዝገብ ፋይዳ

የትልቁ አንጀት ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በሦስተኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ ሲሆን በገዳይነቱ ደግሞ ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በበሽታው ሲያዙ 900 ሺህ ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ከሕሙማኑ የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነና በቤተሰባቸው ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ያልታየ ናቸው። ከ100 ሕሙማን አምስት ያህሉ ግን ለበሽታው የተዳረጉት ከወላጆቻቸው በወረሱት የዘረመል ጉድለት ምክንያት ነው። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ካንሰሩ በአብዛኛው የሚከሰተው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ማለትም ሰዎች ልጆቻቸውን በሚያሳድጉበትና በሥራቸው በሚጠነክሩበት ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ በዘር የሚመጣው የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሌላው ይልቅ አስቀድሞ ለመከላከል የሚመች ነው። የአንድ ሰው ሕመም በታወቀ ጊዜ ለአደጋው የተጋለጡት ሌሎች ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስም መዘርዘር ይቻላልና። ለዚህ ተግባር የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ በአግባቡ የተያዘ የቤተሰብ መዝገብ ነው። ይህ ጽሑፍ የበሽታዎቹን ምንነት፣ መዝገብ በመያዝ ውጤት ያገኙ አገሮችን ተሞክሮ እና ተሞክሮው ለአገራችን ያለውን ጠቀሜታ ያስቃኛል።

ፖሊፕ ምንድን ነው?

ፖሊፕ ከአንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ ተነሥቶ ወደ አንጀቱ ክፍተት የሚያድግ ትርፍ ሥጋ ነው። አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ አንገት ሲኖረው ሌላው ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል። መጠኑም ከሰናፍጭ ቅንጣት ከማይበልጥ አንሥቶ በርካታ ሴንቲ ሜትር እስከሚደርስ ይለያያል።

ፖሊፕ ሁሉ ወደ ካንሰር አይለወጥም። የሚያሳስበው አዴኖማ በመባል የሚታወቀው ዓይነት ሲሆን ይህም ቢሆን ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ይህ ረጅም ጊዜ ለመከላከል ሥራው ሰፊ ዕድል ይሰጣል። ፖሊፑ በጊዜው ከተገኘና ከተወገደ ከእርሱ ሊነሣ የሚችለው ካንሰር አይከሰትም።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከፊንጢጣ ርቆ የሚገኝን ፖሊፕ ለማውጣት ሆድን መክፈት ግድ ነበር። በ1969 ኒውዮርክ ውስጥ ዶክተር ዊሊያም ዎልፍ እና ዶክተር ሂሮሚ ሺንያ ኮሎኖስኮፕ በተባለው ተጣጣፊ መመልከቻ ቱቦ ውስጥ የሽቦ ቀለበት በማሳለፍ ፖሊፕን ያለ ቀዶ ሕክምና ማስወገድ ጀመሩ። በአሜሪካ የተካሄደና ውጤቱ በ1993 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው አዴኖማ ፖሊፖች በዚህ መንገድ የወጡላቸው ሰዎች በካንሰሩ የመያዝ መጠናቸው ያለ ሕክምናው ሊሆን ይችል ከነበረው ከ76 እስከ 90 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

በዘር የሚተላለፉት ዋና ዋና ዓይነቶች

ከእነዚህ በሽታዎች በይበልጥ የሚታወቀው ፋሚሊያል አዴኖማተስ ፖሊፖሲስ ወይም በምህጻረ ቃል ኤፍኤፒ የሚባለው ነው። ከ10 ሺህ ሰዎች አንዱ ገደማ ከዚህ ጉድለት ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። ፖሊፖቹ በአብዛኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ መታየት ይጀምሩና ቁጥራቸው በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ፖሊፕ መካከል አንዱ ወደ ካንሰር መለወጡ ስለማይቀር ሕክምና ያላገኘ ሰው በአማካይ 40 ዓመት ሳይሞላው ለካንሰር ይዳረጋል።

የኤፍኤፒ መንስኤ በአምስተኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘውና ኤፒሲ በሚባለው ዘረመል ላይ የሚደርስ ጉድለት ነው። በሽታውን ለመውረስ ጉድለቱ ከአንድ ወላጅ መተላለፉ በቂ ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ዕጣው ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ስለሚወጣ በአንድ ቤት ከተወለዱ አራት ልጆች አራቱም ሊወርሱት ወይም አራቱም ሊያመልጡት ይችላሉ። ጉድለቱን ያልወረሰ ልጅ ለራሱ ልጆች አያስተላልፈውም፤ በሽታው ትውልድ ዘልሎ በልጅ ልጅ ላይ ይከሰታል የሚለው ግምት ለኤፍኤፒ አይሠራም። ከሕሙማኑ አንድ አራተኛ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ጉድለቱ ከወላጅ ሳይወረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእነርሱ የሚጀምር ነው።

ቀለል ያለው የኤፍኤፒ ዓይነት የፖሊፖቹ ቁጥር ከ100 በታች የሚሆንበትና ካንሰሩም ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ የሚመጣበት ነው። ከዚህ ጋር በመልክ የሚመሳሰል ሌላ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2002 ተለይቶ ታውቋል። ይህም ሙቲዋይኤች ከሚባለው ዘረመል ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚከሰተው ልጁ ጉድለቱን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። በመሆኑም ወላጆቹ ጤነኞች ሆነው ሳለ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ሊታመሙ ይችላሉ።

በቁጥር ከሁሉም የሚበልጠው ሊንች ሲንድረም የተባለው ነው። ከትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን ሦስት በመቶ ያህሉ ይህ ጉድለት ያለባቸው እንደሆኑ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሴሎች ሲባዙ በዘረመል ግልባጭ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን እየተከታተሉ የሚያርሙ ዘረመሎች በሰውነት ውስጥ አሉ። በሊንች ሲንድረም ከእነዚህ አራሚዎች አንዱ ጎድሎ ስለሚገኝ ስሕተቱ እየተከማቸ ይሄዳል። የፖሊፖቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ወደ ካንሰር የሚለወጡት በአጭር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ከአንጀት በተጨማሪ የማሕፀን፣ የእንቁላል ማምረቻ፣ የጨጓራና የሽንት ቧንቧ ካንሰርን ያስከትላል። እርሱም እንደ ኤፍኤፒ ከአንድ ወላጅ ብቻ በመውረስ የሚተላለፍ ነው።

ከእነዚህ ሌላ እምብዛም የማይታዩ ዓይነቶች አሉ። ፒውትስ ጄገርስ የተባለው በከንፈርና በአፍ ውስጥ በሚታዩ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች የሚለይ ሲሆን በልጅነት ዕድሜ የአንጀት መታጠፍና መዘጋት ያስከትላል። ጁቨናይል ፖሊፖሲስ የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሕፃናትና በወጣቶች ላይ በደም መፍሰስና በደም ማነስ ይገለጣል። በሁለቱም ዓይነቶች የካንሰር ሥጋት ስላለ ተከታታይ ክትትል ያስፈልጋል።

የለንደኑ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1882 ክሪፕስ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በአንድ ወንድምና እህት ላይ ብዛት ያላቸው የአንጀት ፖሊፖችን ማየታቸውን በጽሑፍ አሳውቀው ነበር። ጉዳዩን ወደ ተደራጀ ሥራ ያሸጋገሩት ግን ለንደን ከተማ የሚገኘው የሴንት ማርክስ ሆስፒታል ባልደረቦች ናቸው። የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም የነበሩት ጆን ፐርሲ ሎክሃርት ማመሪ በ1924 የፖሊፕ ቤተሰቦች መዝገብ እንዲከፈት አደረጉ፤ በተከታዩ ዓመትም ሦስት ቤተሰቦችን የሚመለከት ጽሑፍ ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። መዝገቡን ከፓቶሎጂ ባለሙያው ከዶክተር ከትበርት ዱክስ ጋር ሆነው ለአሠርት ዓመታት የያዙት ደግሞ በወጣትነታቸው የላቦራቶሪ ረዳት ሆነው የተቀጠሩትና ሐኪም ያልነበሩት በሲ የተባሉ ባለሙያ ነበሩ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ የፖሊፕ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታሉ ሲመጣ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ስለ አጎቶቹና አክስቶቹ እንዲሁም ስለ ልጆቻቸው ይጠየቃል። ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን በስንት ዓመቱ በምን ምክንያት እንደሞተ ይመዘገባል። ከዚህ በመነሣት የትውልድ ሐረግ ይሣላል። ለአደጋው የተጋለጡት ዘመዶች ለምርመራ እንዲቀርቡ ጥሪ ይደረግላቸዋል፤ ሕፃናት ከሆኑም ዕድሜያቸው ለምርመራ የሚደርስበት ጊዜ ተጽፎ ይቀመጣል።

በዚያን ዘመን የዘረመል ምርመራም ሆነ ኮሎኖስኮፕ አልነበረም። ሐኪሞቹ የሚጠቀሙት የትልቁን አንጀት የመጨረሻ ክፍል ብቻ በሚያሳይ አጭርና ግትር ቱቦ ነበር። በኤፍኤፒ ፖሊፖቹ በዚህ ክፍል ላይም ስለሚገኙ መሣሪያው ጉድለቱን የወረሰውን ካልወረሰው ለመለየት በአብዛኛው ያስችል ነበር። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ በሆስፒታሉ ትልቁን አንጀት በማውጣት ትንሹን አንጀት ከመጨረሻው ክፍል ጋር የማገናኘት ቀዶ ሕክምና ይሰጥ ጀመር። በዚህም ምክንያት ሕመም ሳይሰማው በመዝገቡ ጥሪ የመጣ ወጣት ካንሰሩ ከመነሣቱ በፊት መታከም ቻለ።

በሲ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠራቀመውንና በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ያካተተውን መረጃ በ1975 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ኤፒሲ የተባለው ዘረመል ተለይቶ የታወቀው በ1991 ነው። ይህም ማለት መዝገቡ ሥራውን የጀመረው የበሽታው መንስኤ ከመታወቁ 67 ዓመታት አስቀድሞ ነበር። የሆስፒታሉ የፖሊፕ መዝገብ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ይገኛል።

የዴንማርክና የፊንላንድ ተሞክሮ

በአንድ ሆስፒታል የተጀመረውን ሥራ በአገር ደረጃ ካስፋፉት መካከል ዴንማርክ ትጠቀሳለች። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ለእያንዳንዱ ነዋሪ የግል መለያ ቁጥር የሚሰጥ የሕዝብ ምዝገባ ሥርዓት ዘርግታ ነበር። በ1971 የተቋቋመው ብሔራዊ የፖሊፖሲስ መዝገብ በዚህ ሥርዓት በመታገዝ የሕሙማኑን ዘመዶች በመላ አገሪቱ ለመከታተል ችሏል።

ከዴንማርክና ከሌሎች አገሮች መዝገቦች የተገኘው ውጤት የማያሻማ ነው። የሕመም ምልክት ታይቶባቸው በራሳቸው ወደ ሐኪም ከሄዱት የኤፍኤፒ ሕሙማን መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በምርመራው ወቅት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። በመዝገቡ አማካኝነት ተጠርተው ከተመረመሩት ዘመዶቻቸው መካከል ግን ካንሰር የተገኘባቸው ከአሥር አንድ አይሞሉም። ሁለቱም ወገኖች የተሸከሙት አንድ ዓይነት ጉድለት ሲሆን ልዩነቱን ያመጣው የምርመራው ጊዜ ነው።

ሊንች ሲንድረምን በሚመለከትም የመጀመሪያው መረጃ የተገኘው ከቤተሰብ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ባለሙያ የነበሩት ዶክተር ኦልድሬድ ዋርቲን በ1895 ልብስ ሰፊያቸው የሆነች ሴት ብዙዎቹ ዘመዶቿ በአንጀት፣ በጨጓራና በማሕፀን ካንሰር በመሞታቸው እርሷም በወጣትነቷ እንደምትሞት ስትናገር ይሰማሉ። ሴትዮዋ እንዳለችውም በማሕፀን ካንሰር ሕይወቷ አልፏል። ዋርቲን ከጀርመን የመጣውን ይህን ቤተሰብ "ቤተሰብ ጂ" በሚል ስያሜ በ1913 ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ከቆየ በኋላ ዶክተር ሄንሪ ሊንች ተመሳሳይ ቤተሰቦችን አጥንተው በ1966 ባወጡት ጽሑፍ እንደገና አነሡት። የበሽታው መጠሪያም የተወሰደው ከእርሳቸው ስም ነው። ዋርቲን የመዘገቡት ቤተሰብ ጉድለት የትኛው ዘረመል ላይ እንደሆነ የታወቀው በ2000 ሲሆን ለዚህም የተጠቀሙት ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠበቅ የቆየውን የቤተሰቡን መዝገብ ነው።

የክትትሉን ጥቅም በማነጻጸር ያረጋገጠው የፊንላንድ ጥናት ነው። በ1980ዎቹ የተጀመረውና ለ15 ዓመታት የዘለቀው ይህ ጥናት ከ22 የሊንች ሲንድረም ቤተሰቦች የተውጣጡ 252 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከእነርሱ 133ቱ በየሦስት ዓመቱ የአንጀት ምርመራ ሲደረግላቸው 119ኙ ምርመራው አልተደረገላቸውም። ክትትል ያገኙት ሰዎች በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ62 በመቶ ዝቅ ብሏል። ክትትል ካላገኙት መካከል ዘጠኝ ሰዎች በዚሁ ካንሰር ሲሞቱ ክትትል ካገኙት መካከል ግን በዚህ ምክንያት የሞተ አንድም ሰው አልነበረም።

የዘረመል ምርመራ ምን ጨመረ?

ኤፒሲ በ1991፣ የሊንች ሲንድረም ዋና ዋና ዘረመሎች ደግሞ በ1993 እና በ1994 ተለይተው ከታወቁ በኋላ ጉድለቱን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ተችሏል። ምርመራው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በቅድሚያ የሚመረመረው የታመመው ሰው ነው። በእርሱ ላይ የተገኘው ጉድለት በትክክል ከታወቀ በኋላ ዘመዶቹ ያንኑ አንድ ጉድለት ብቻ እንዲመረመሩ ይደረጋል። የታመመው ሰው ሳይመረመር ጤነኛው ዘመድ ብቻ ተመርምሮ ጉድለት ባይገኝበት ውጤቱ ዋስትና አይሆንም።

የዚህ ምርመራ ዋነኛ ጠቀሜታ ያልወረሱትን ነጻ ማውጣቱ ነው። በኤፍኤፒ ቤተሰብ ውስጥ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ በመሆኑ ከዘመዶቹ ግማሽ ያህሉ ለዓመታት ከሚቀጥል የአንጀት ምርመራና ከሥጋት ይድናሉ። የጤና ተቋማትም ውስን የሆነውን የሰው ኃይልና መሣሪያ በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ለማዋል ይችላሉ።

በሌላ በኩል ምርመራው የመብት ጥያቄ ያስነሣል። የአንድ ሰው ውጤት የዘመዶቹንም ምሥጢር የሚነካ ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር ወይም የጤና መድን ሲገባ የዘረመል ውጤቱ መድልዎ እንዳያስከትልበት አሜሪካ በ2008 ሕግ ማውጣቷ ይታወሳል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ለጤናና ለዘረመል መረጃ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል። መዝገብ የሚይዝ ተቋም ዘመዶችን የሚያነጋግረው በሕመምተኛው ፈቃድ ሊሆን ይገባል። በአብዛኞቹ አገሮች የተለመደው አሠራርም ሕመምተኛው ራሱ ለዘመዶቹ የሚያደርሰው ማብራሪያ ደብዳቤ በሐኪሙ ተዘጋጅቶ እንዲሰጠው ማድረግ ነው።

በአሁኑ ወቅት የሚሰጠው መከላከያ

በኤፍኤፒ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች የአንጀት ምርመራ የሚጀምሩት በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ሲሆን ምርመራው በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይደገማል። የፖሊፖቹ ቁጥርና መጠን ሲጨምር ትልቁን አንጀት በቀዶ ሕክምና ማውጣት የግድ ይሆናል። ይህም ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ መጨረሻና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚከናወን ነው። የመጨረሻው የአንጀት ክፍል እንዲቀር ከተደረገ በየጊዜው መታየት ይኖርበታል። እርሱም የሚወጣ ከሆነ ከትንሹ አንጀት ከረጢት መሰል ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ከፊንጢጣ ጋር ይገናኛል። ይህንን ዘዴ በ1978 ያስተዋወቁት የሴንት ማርክስ ሆስፒታል ሐኪሞች አላን ፓርክስ እና ጆን ኒኮልስ ሲሆኑ ሕመምተኛው ዕድሜ ልኩን በሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት ከመሸከም የሚድንበትን መንገድ ከፍቷል።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገም በኋላ ክትትሉ አይቋረጥም። ፖሊፖች በትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ስለሚወጡ ከ25 ዓመት ገደማ ጀምሮ በአፍ በኩል በሚገባ ኢንዶስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል። በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚያድግና ዴስሞይድ የሚባል ጠንካራ እባጭም ሊከሰት ይችላል።

በሊንች ሲንድረም የተጠቁ ሰዎች እንደ ጉድለቱ ዓይነት ከ25 ወይም ከ35 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ኮሎኖስኮፒ እንዲደረግላቸው ይመከራል። ሴቶች ደግሞ ልጅ ወልደው ካበቁ በኋላ ማሕፀናቸውንና እንቁላል ማምረቻቸውን ስለማስወጣት ከሐኪማቸው ጋር እንዲመክሩ ይደረጋል። ለሊንች ሲንድረም አስፕሪን ጥቅም እንዳለው ታይቷል። በተለያዩ አገሮች 861 የሊንች ሲንድረም ተሸካሚዎች የተሳተፉበትና በቀን 600 ሚሊ ግራም አስፕሪን የተሰጠበት ጥናት በ2020 ባወጣው የአሥር ዓመት ውጤት፣ አስፕሪን ከወሰዱት ዘጠኝ በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 13 በመቶው በትልቁ አንጀት ካንሰር መያዛቸው ተገልጿል። አስፕሪን የጨጓራ መድማትን ስለሚያስከትል ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም።

ለኤፍኤፒ እስካሁን ቀዶ ሕክምናን የሚተካ እንክብል አልተገኘም። ሱሊንዳክ የተባለው መድኃኒት ፖሊፖችን እንደሚቀንስ በ1993 በጥናት ቢታይም ካንሰሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ሴሌኮክሲብ የተባለው ሌላ መድኃኒትም በአሜሪካ በ1999 ለዚህ በሽታ ተፈቅዶ የነበረ ሲሆን ፈቃዱ በ2011 ተነሥቷል።

ጉዳዩ በአገራችን

በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ማዕከል ያደረገ የከተማ አቀፍ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከምዝገባው በተገኘው መረጃ መሠረት የትልቁ አንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች መካከል ይገኛል። የኮሎኖስኮፒ አገልግሎት በትልልቅ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ሕክምና ማዕከላት የተወሰነ ሲሆን የዘረመል ምርመራ ደግሞ በስፋት አይሰጥም። ሁሉንም ጎልማሳ በኮሎኖስኮፒ ለመመርመር አቅም በማይፈቅድበት አገር ምርመራው በቅድሚያ ሊደርሳቸው የሚገባው በቤተሰባቸው ታሪክ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡት ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ሥራ የሚያግዙ ነባርና አዳዲስ ሁኔታዎች አሉ። በአገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም በመሆኑ እንደ አውሮፓ በቤተሰብ መጠሪያ ስም ዘመዳሞችን መለየት አይቻልም። በአንጻሩ ለጋብቻ ሲባል ዘርን እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ስላለ ከሦስትና ከአራት ትውልድ በላይ ያሉትን በስም የሚያውቁ አዛውንት አይጠፉም። ይህ ዕውቀት በሕክምና ካርድ ላይ ሲሰፍር ለሐኪሙ የተሟላ የትውልድ ሐረግ ይሆንለታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ጀምሯል። የሞት ምዝገባው ሟቹ የሞተበትን ምክንያትና ዕድሜውን በትክክል ሲይዝ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት የአባቱን ወይም የአያቱን ሕመም ለማወቅ የሚመለስበት ሰነድ ይሆናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም ድርሻ አላቸው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተመርምሮ የዘረመል ጉድለት ከተገኘበት በውጤቱ ላይ የጉድለቱ ትክክለኛ ስያሜ ሰፍሮ ይሰጠዋል። ይህንን ወረቀት አገር ቤት ለሚገኙ ወንድሞቹና እህቶቹ ቢልክ እነርሱ የሚመረመሩት ያንን አንድ ጉድለት ብቻ በመሆኑ ምርመራው ፈጣንና ዋጋውም አነስተኛ ይሆናል።

እንቅፋቶቹም አይናቁም። ከሰገራ ጋር ደም ሲታይ ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት ወይም አሜባ ነው ተብሎ ይታለፋል። በብዙ ሰዎች ላይ ግምቱ ትክክል ቢሆንም ሕክምና ተወስዶ ደሙ ካልቆመ ወይም ተመልሶ ከመጣ በመሣሪያ መታየት ግድ ይላል። ከዚህ በተጨማሪ ካንሰርን በስሙ ላለመጥራት "በሆድ ሕመም ሞተ" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ሐዘንተኛውን ለማጽናናት የታሰበ ቢሆንም ለተተኪው ትውልድ የሚያስፈልገውን መረጃ ያጠፋል።

ቤተሰብ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ባለሙያዎች ሊንች ሲንድረምን ለመጠርጠር የሚጠቀሙበትና በ1990 አምስተርዳም ላይ የተነደፈ መመዘኛ አለ። ለማስታወስም ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ተብሎ ይጠራል። ሦስት የሥጋ ዘመዶች በካንሰሩ የተያዙ መሆናቸው፣ ከሦስቱም አንዱ ለሌሎቹ ሁለቱ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት መሆኑ፤ ሕመሙ በሁለት ተከታታይ ትውልዶች ላይ መታየቱ፤ ቢያንስ አንዱ ከ50 ዓመት ዕድሜው በፊት መታመሙ ናቸው። መመዘኛው ሁሉንም ቤተሰብ ስለማያካትት ከዚህ ያነሰ ምልክት የታየበት ሰውም ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

በተለይም የሚከተሉት ሁኔታዎች ችላ ሊባሉ አይገባም፦

- ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ከ50 ዓመት በታች በትልቁ አንጀት ወይም በማሕፀን ካንሰር ተይዞ ከነበረ፤

- በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በእናት ወይም በአባት በኩል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንጀት፣ በማሕፀን ወይም በጨጓራ ካንሰር ከታመሙ፤

- በአንድ ሰው ላይ በኮሎኖስኮፒ አሥርና ከዚያ በላይ አዴኖማ ፖሊፖች ከተገኙ፤

- በልጅ ከንፈርና አፍ ውስጥ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ታይተው ተደጋጋሚ የሆድ ቁርጠት ካለው፤

- ከሰገራ ጋር ደም መታየት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የአንጀት ልማድ መለወጥ ወይም የሰውነት ክብደት መቀነስ ካለ።

ከእነዚህ አንዱ የሚመለከተው ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ የዘመዶቹን ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ይመረጣል። ዝርዝሩ የእያንዳንዱን ዘመድ ስም፣ የሕመሙን ዓይነት፣ የታመመበትንና ያረፈበትን ዕድሜ እንዲሁም የታከመበትን ሆስፒታል ቢይዝ በቂ ነው።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎች በበኩላቸው ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎችን ሊወስዱ ይችላሉ። በትልቁ አንጀት ካንሰር ለተያዘ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የቤተሰብ ታሪክ ቅጽ እንዲሞላ ማድረግ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑትን ለይቶ መያዝ፣ ለዘመዶቻቸው የሚሰጥ ማብራሪያ ደብዳቤ ማዘጋጀት እና የሚቀጥለው ምርመራ የሚደረግበትን ቀን የሚከታተል ሠራተኛ መመደብ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የለንደኑ መዝገብ ሥራውን በጀመረበት ጊዜ የነበረው መሣሪያ ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የጤና አመራሮችና የመዝገብ ክፍል ባለሙያዎች ጉዳዩን በዕቅዳቸው ውስጥ ሊያካትቱት ይገባል።